ለሁለት ስህተት የሚበቃ ሰማይ

ሞጣ ዳር አንድ መስክ አለ፣ «አውሮፕላን ሜዳ» ይሉታል፤
አውሮፕላኑ ከቀረ ቆይቷል፣ ላምና በግ ይውሉበታል።
እሑድ ማለዳ ግን፣ የጮቄ ንፋስ ሳይነሣ፣
ሜዳው ስሙን ያስታውሳል፣ አውራ ጣት የምታህል ሞተር ስታገሣ።

ክንፏ ቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የነበረ ነጭ ፎም ነው፤
ጭራዋን በስቴኪኒ ደግፌ፣ በሙጫ ያያዝሁት እኔው።
እኔ? ሬድዮ ጠጋኝ ነኝ፤ ገበያ ዳር ሱቅ አለኝ፤
ሰው ሬድዮ ማስጠገን ሲተው፣ ሬድዮ ማብረር አማረኝ።

ተማሪዎቼ ሁለት ናቸው።
አንሙት የባጃጅ ሰው ነው፤ ዘንጉን እንደ መሪ ጨብጦ፣
ሰማይ ላይ ጉድጓድ ይሸሻል፣ ግንባሩ በላብ ቀልጦ።
ባንቺአምላክ ልብስ ሰፊ ናት፤ ጣቷ መርፌ የለመደ፣
ነካ አርጋ ትተዋለች፣ ክንፉም ይታጠፋል እንደወደደ።

«ከፍ በሉ» እላቸዋለሁ፣ «ከባሕር ዛፉ ጫፍ በላይ፤
ዝቅታ አንድ ስህተት አይችልም፤ ለሁለት ስህተት ይብቃ ሰማይ።
በአንደኛው ትደነግጣላችሁ፣ በሁለተኛው ትማራላችሁ፤
ሦስተኛ ከመጣ ግን፣ ሙጫው እኔ ዘንድ አለላችሁ።»

አባቴ ጎንጅ ቅኔ ቤት ዓመታት ቆሎ ቆርጥሞ ነበር፤
«መወድስ አያምራችሁ» ይል ነበር፣ «ጉባኤ ቃናው ሳይሰምር።»
እኔም እንደሱ ሆኛለሁ። ጀማሪ ሁሉ መገልበጥ ያምረዋል፤
«አንድ ዙር» እላለሁ፣ «ሄዳ ትመለስ፣ ለዛሬ ይበቃል።»

መሄዷ ቀላል ነው። ቀኝህ ቀኟ፣ ግራህ ግራዋ፤
ፊቷን ወዳንተ ስታዞር ነው የሚጀምረው ጣጣዋ።
«ግራ ገባኝ!» ጮኸ አንሙት። እውነቱን ነው፣ ቀኙም ግራ ሆኖበታል፤
ባሕር ዛፉም እንደ አበልጅ ክንዱን ዘርግቶ ጠብቆታል።
«ግራ ቀኙን እርሳው! የወደቀውን ክንፍ እየው፤
ዘንጉን ወደዚያ ግፋ፣ እንደ ምርኩዝ ደግፈው!»
ግን ቃል ከጆሮ እስከ ጣት መንገዱ ረጅም ነው፤
ነጩን ክንፍ ቅርንጫፍ ላይ፣ እንደታጠበ ነጠላ ተሰጥቶ አየነው።
አንሙት ዛፉ ላይ ወጥቶ አወረዳት፤ ሙጫ ቀብተን ተቀመጥን፣
እስክትደርቅ ድረስ ማንም ምንም ሳይል ሣር ነጨን።

የባንቺአምላክ ተራ ሆነ።
በእሷና በእኔ ሪሞት መሃል ቀጭን ገመድ ይወጠራል፤
ስትሳሳት እነጥቃታለሁ፤ የመምህር እጅ መንጠቅ ይለምዳል።
እውነቱን ልናገር? ብዙ ጊዜ ሳትሳሳትም ነጥቄአለሁ፤
ትወድቃለች ብዬ አይደለም፤ ያለ እኔ ትቆማለች ብዬ ፈርቻለሁ።

ሁለቱ ሪሞት መንትያ ናቸው። ያን ቀን ሳልነግራት ለወጥሁ፤
ዋናውን ለእሷ ሰጥቼ፣ የገመዱን ጫፍ ኪሴ ከተትሁ።

ወጣች። ዞረች። ራቀች። ከዚያ ፊቷን ወደ እኛ መለሰች፤
ክንፏ ወደ ጎን ዘመመ፣ አውራ ጣቴ ብድግ አለች።
የሞተ ሪሞት ይዤ፣ ማንም የማይሰማውን ዘንግ ገፋሁ፤
ከሥር እንደሚሮጥ ሰው፣ ላብ እስኪያጠምቀኝ ለፋሁ።
እሷ ግን ነካ አርጋ ተወችው። ክንፉ ተቃና፣ ንፋሱን ፊት ለፊት ገጠመ፤
ላሞቹ መሃል ባለው ባዶ ሣር ላይ፣ ጎማው አንዴ ነጥሮ ቆመ።

«ባንቺአምላክ» አልሁ፣ «ዛሬ እኮ...» አላስጨረሰችኝም፤
«አውቄአለሁ» አለች፣ «ጋሽ ምንይችል፣ ዛሬ ከኋላዬ አልተነፈሱም።»

አንዲት ጊደር መጥታ የክንፉን ጫፍ ላሰች።
ኪሴ ውስጥ እጄን ብሰድ፣ የገመዱን ጫፍ ላብ አርሶታል፤
«ተራዬ ነው» አለ አንሙት፣ «ለመሆኑ ምን ያህል ሙጫ ተርፎናል?»